ሁለተኛው ስንኝ ላይ ያለችው

መናኸሪያው ውስጥ እናት አባቷ ባወጡላት ስም የሚጠራት ሰው የለም። ሾፌሩም፣ ትኬት ቆራጩም፣ ተሸካሚውም «ልብ በሉ» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት ድሮ ነው፤ ጉሮሮዋ ሳይነካ፣ የአውቶቡሶቹን መነሻ በድምፅ ማጉያ በምታስነግርበት ዘመን። «ልብ በሉ መንገደኞች» ብላ ስትጀምር ሰው ሻንጣውን መሬት አድርጎ ይሰማት ነበር። አንድ ሾፌር ስሙ በሷ አፍ እንዲጠራለት ሲል ሆን ብሎ ያረፍድ ነበር ይባላል። ይህን የሚያወራው ሾፌሩ ራሱ ስለሆነ ግማሹን ቀንሶ መስማት ነው።

ኋላ አንገቷ ላይ እንቅርት ወጣ። ሐኪም ቆርጦ አወጣላት፤ ሲያወጣው ግን ድምፅ የሚይዘውን ቀጭን ነርቭ አብሮ ነካው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምጿ ሲሚንቶ ላይ እንደሚጎተት ጆንያ ሻከረ። አለቃዋ ጥቂት ታገሣትና ማይክሮፎኑን ለሌላ ሰጥቶ፣ እሷን የመንገደኛ ዕቃ በአደራ ወደሚቀመጥበት ክፍል አወረዳት። እዚያ ሥራው ሻንጣ ተቀብሎ ቁጥር መስጠት፣ ቁጥር ተቀብሎ ሻንጣ መስጠት ነው። ማንም እንድትናገር አይፈልግም። መደርደሪያው ሲያጥር ትልልቁን ከታች፣ ትንንሹን ከላይ ታደርጋለች፤ የሚፈስ ነገር የያዘውን በጠረኑ ታውቃለች።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ተረት ለሷ ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል። የአንገቷ ቁስል በወጉ ሳይጠግግ ልጇ ሞተችባት። አንድ ያለቻት ልጅ፣ ገና ድክ ድክ የምትል። ጉንፋን ሲመላለስባት የከረመ፣ ስትተነፍስ አፍንጫዋ የሚያፏጭ ልጅ ነበረች፤ አንድ ጊዜ ጉንፋኑ ወደ ሳንባዋ ወረደና ሳምንት እንኳ ሳያቆያት ወሰዳት። እናትየው በቀብሩ ላይ ጮሃ ለማልቀስ ድምፅ አልነበራትም። አፏን ከፍታ ቆመች፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። የመጡት ጎረቤቶች «ምን ዓይነት ጨካኝ ናት፣ ለልጇ እንኳ አላለቀሰችም» እየተባባሉ ተመለሱ።

ባሏ ጥርስ ሠሪ ነው። ጥርስ ሐኪም አይደለም፤ ጥርስ ሐኪሞቹ ልኩን ወስደው ይልኩለታል፣ እሱ ከአንድ ሸሪኩ ጋር በያዛት ወርክሾፕ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ ሲሞርድ ይውላል። መሞረጃዋ ከእርሳስ አትበልጥም፤ ጩኸቷ ግን ትንኝ ጆሮ ውስጥ ገብታ መውጫ ያጣች ያህል ነው። ሸሪኩ ሲሠራ ጆሮውን ይደፍናል። ጥርስ ሠሪው አይደፍንም። «ባለ ጆሮ ሰው ጆሮውን ደፍኖ አይውልም» ይላል፤ ድምፅ ያውቃል መባልን ከእንጀራው በላይ ይወደዋል።

ስለ ልጁ ከቀብሯ ወዲህ አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣም። አልጋዋን ፈታትቶ አወጣ፤ ክፍሏን በሜትር ለካ፤ «ይቺ ክፍል ቁመቷም ስፋቷም ለድምፅ የተሠራች ናት» አለ። ግድግዳውን በወፍራም ስፖንጅ፣ ወለሉን በምንጣፍ፣ መስኮቱን በድርብ መጋረጃ ሸፈነው። መኻል ላይ አንድ ወንበር አኖረ። አንድ ብቻ፤ ምክንያቱም ድምፁ ከሁለቱ ስፒከሮች እኩል የሚደርሰው ለአንድ ሰው ጭንቅላት ነው ይላል። የወንበሩ እግሮች የሚያርፉበትን ቦታ ምንጣፉ ላይ በነጭ ክር ሰፍቶ ምልክት አደረገበት። ልብ-በሉ ስትጠርግ ወንበሩን ካነቃነቀች ወዮላት።

ይህን ዓለም ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ሙዚቃው በቁጥር መልክ አንድ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ዳክ የሚሉት ሌላ ሣጥን ቁጥሩን ወደ ድምፅ ይመልሰዋል። ሌላው ሣጥን ያጎላዋል፤ ሰው የሚያህሉ ስፒከሮች ያወጡታል። በመካከላቸው የእጅ አንጓ የሚያክል ኬብል አለ። እያንዳንዱ ሣጥን ታላቅ ወንድም አለው፤ ታላቅ ወንድሙም የራሱ ታላቅ አለው፤ ታላቅ የሌለው ሣጥን እስካሁን አልተሠራም። ታናሹን የገዛ ሰው እንቅልፍ የሚያጣው ለዚህ ነው። አዲሱ ሲገባ ደግሞ ወዲያው አይፈረድበትም፤ እንደ አዲስ የሸክላ ምጣድ መሟሸት አለበት። ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ እየዘፈነ ይከርማል፣ ቤተሰቡም አብሮ ይሟሻል።

እሑድ ከሰዓት ወዳጆቹ ይመጣሉ። ሁለት ናቸው፤ ፋርማሲስቱና አስመጪው። አስመጪው ሣጥኖቹን ከውጭ እያስገባ የሚሸጠው ሰው ነው፤ እንደ ወዳጅ ይመጣል፣ እንደ ነጋዴ ይሄዳል። እነሱ ሲመጡ ፍሪጁ ይነቀላል፤ ሞተሩ የኤሌክትሪኩን መስመር ያቆሽሸዋል ተብሎ። ሰኞ ሰኞ ልብ-በሉ የተበላሸ ወተት ትደፋለች። «ወተት ይገዛል፤ ንጹሕ መስመር አይገዛም» ብሏት ነበር አንዴ። ትንሽ ቆይቶ መስመር የሚያጠራ ሣጥንም እንደሚሸጥ ከአስመጪው ሰማና ገዛው። ፍሪጁ ግን ከመነቀል አልዳነም።

እነዚህ ሰዎች ዘንድ አንድ ወግ አለ። እያንዳንዱ የራሱ መፈተኛ አለው፤ ሺህ ጊዜ የሰማው አንድ ዘፈን፣ አዲስ ዕቃ በገባ ቁጥር መጀመሪያ የሚያጫውተው። ዕቃው መሻሉ አለመሻሉ በሱ ይታወቃል። የጥርስ ሠሪው መፈተኛ የሚስቱ ድምፅ ነው። ያኔ ጉሮሮዋ ደኅና ሳለ፣ ልጅቱም በሕይወት ሳለች፣ ጥሩ ማይክሮፎን ተውሶ ሳሎን ውስጥ ቀድቷት ነበር። ያለ መሣሪያ፣ ብቻዋን፣ ከእናቷ የተማረችውን አጭር ዘፈን፣ አራት ስንኝ። የሌላ ሰው መፈተኛ ከገበያ የተገዛ ነው፤ የሱ ሌላ ቤት የለም። ይህ ያኮራዋል።

አስመጪው መጀመሪያ የሰማው ዕለት ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና፣ «ይቺ ዘፋኝ ማናት? በሕይወት አለች?» ብሎ ጠየቀ። ልብ-በሉ የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«የለችም» አለ ባሏ፣ ስኳሩን እያነሣ።

ፋርማሲስቱ ቀና ብሎ አያትና ሣቀ፤ ቀልድ መሰለው። ቀልድ አልነበረም። ለጥርስ ሠሪው ያቺ ዘፋኝ ሌላ፣ ይቺ ሻይ የምታቀርብ ሌላ ናት። ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ ስለ ዘፋኟ ፊት ለፊቷ ያወራሉ። ከንፈሯ ሲላቀቅ ተሰማኝ ይላል አንዱ፤ የፊት ጥርሷ መካከል ክፍተት አለ፣ ነፋሱ ይሰማል ይላል ሌላው። ክፍተቷ ዛሬም እዚያው አለች፤ ልብ-በሉ አፏን ገጥማ ሻዩን ትቀዳለች። አንድ ቀን ባሏ ትንሽ ሞቅ ብሎት፣ «ያን ድምፅ ተሸክመሽ ስትዞሪ አለማወቅሽ» አላት። አወቀችም አላወቀችም አሁን ምን ይደረግላታል።

ነገሩ የተገለበጠው አዲስ ዳክ ገብቶ፣ ተሟሽቶ፣ የፍርዱ ቀን በደረሰ እሑድ ነው። ልብ-በሉ ብርጭቆ ልትሰበስብ ስትገባ ዘፈኑ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ደርሷል። ከራሷ ድምፅ ኋላ በጣም ቀጭን ነገር ሰማች። ፉጨት። ገባ፣ ወጣ፤ ገባ፣ ወጣ። ትሪውን እንደያዘች ቀረች።

በተቀዳችበት ቀን ልጅቱ ጀርባዋ ላይ ነበረች። እንቅልፍ እንቢ ብላት አዝላት ነው የዘፈነችው። ባሏ ጀርባውን ሰጥቶ የመቅጃውን የድምፅ ልክ መርፌዎች ሲከታተል ስለነበር አላየም፤ አይቶም ከሆነ ረስቶታል። ልጅቱ አላለቀሰችም፣ አልተንፈራገጠችም። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ፊቷን ወደ ማይክሮፎኑ አዞረች፣ ስንኙ ሲያልቅ ወደ ሌላው ትከሻ መለሰች። በዚያ መካከል ጉንፋን የያዘው አፍንጫዋ ሲያፏጭ ማይክሮፎኑ ቀዳው። ይህን ሁሉ ዓመት ቁጥሩ ውስጥ ተቀምጣ ነበር፤ የሚያወጣት ሣጥን ጠፍቶ ነው።

ልብ-በሉ ጆሮዋ የመናኸሪያ ጆሮ ነው። የቱ አውቶቡስ ሊነሣ እንደሆነ፣ የቱ ፍሬኑ እንደተበላ ጀርባዋን ሰጥታ ታውቃለች። የልጇን ትንፋሽ አትስትም። ቀና ብላ ወንዶቹን አየቻቸው። ሦስቱም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «ጥልቀት አለው» አለ ባሏ። ፋርማሲስቱ ሸምግሏል፣ አስመጪው የሚያዳምጠው ዋጋውን ነው። ስለ ባሏ ግን ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ያሉት አልተሳሳቱም፤ የበሩ ደወል እንደማይሰማው፣ ማንቆርቆሪያው እያፏጨ ውሃው ተንኖ እንደሚያልቅበት ጎረቤት ሳይቀር ያወራል። ያልሰማው እሱ ብቻ ነው። መሞረጃዋ ቀጫጭኑን ድምፅ ሁሉ ከጆሮው ሞርዳ ጨርሳዋለች።

ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና አለቀሰች፤ እንደ ልማዷ ያለ ድምፅ።

ልትነግረው ይገባ ነበር። አልነገረችውም። የልጁን ስም እንኳ የማይጠራን ሰው ምን ብዬ ነው የማካፍለው አለች በልቧ። ስስት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ከሞተች ልጇ የተረፈቻትን ትንፋሽ ለአባቷ የሰሰተች እናት ናት። የምንፈርድባት እኛ ደግሞ ልጃችን አልሞተችብንም።

ከዚያ በኋላ ባሏ ስለ አዲስ ሣጥን ሲያነሣ ጆሮ ዳባ ልበስ ትል የነበረችው ሴት «ግዛው» ማለት ጀመረች። ኬብሉ ተቀየረ፤ ፉጨቱ ትንሽ ቀረበ። ስፒከሮቹ ተቀየሩ፤ በፉጨቱ መኻል ንፍጧ ሲንቀጫቀጭ ተሰማ። አንድ ጊዜ እጅ ሲያጥረው የእናቷን የወርቅ አምባር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ጥርስ ሠሪው አምባሩን ሳይሆን እጇን ያዘ። «ገባሽ ማለት ነው» አላት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ለወዳጆቹም «ባለቤቴ ጆሮ አወጣች» ብሎ ነገራቸው። ሻይ ስታመጣ ተነሥቶ ትሪውን ይቀበላት ጀመር።

የጠዋት ተረኛ በሆነችበት ሳምንት፣ እሱ ወርክሾፕ ሳለ፣ ከሰዓት ቤት ትገባና ጫማዋን አውልቃ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች። የቀረውን ዘፈን አትፈልገውም፤ ለድሮ ድምጿም ደንታ አልነበራትም። ሁለተኛውን ስንኝ ትሰማና ትመልሰዋለች፣ ትሰማና ትመልሰዋለች። አንዳንዴ ተነሥታ ጎንበስ ትልና ሁለት እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ፣ እንዳዘለች ሆና ትሰማለች። ደስተኛ ነበረች። ይህን አሁን መናገር ያስፈልጋል፤ በኋላ ቦታ አይገኝለትም።

ጥፋቱ የመጣው በፋርማሲስቱ በኩል ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ አዲስ መጫወቻ አግኝቶ ነው። ድምፅን በሥዕል የሚያሳይ ፕሮግራም የተጫነበት ላፕቶፕ ይዞ መጣ፤ ወፍራሙ ድምፅ ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ እየሆነ ይታያል። «መፈተኛህን እንየው እስቲ» አለ። ሥዕሉ ወጣ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ፣ ከላይ በኩል፣ ቀጫጭን መስመሮች ተጋድመዋል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ አስመጪው።

«ቆሻሻ ነው» አለ ፋርማሲስቱ። «የኤሌክትሪክ ፉጨት ይሆናል፤ ስትቀዳ የገባ።»

«እኔ እኮ እሰማው ነበር» አለ ጥርስ ሠሪው። ውሸቱን ነው። «ሁልጊዜ ይረብሸኛል።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዕቃ ስትፈትን የኖርከው በቆሻሻ ነው በለኛ።»

ይቺ አነጋገር ወጋችው። ሰው ልብስህ ቆሽሿል ሲባል እንደሚያፍረው ሁሉ አፈረ። ልብ-በሉ ያን እሑድ ተረኛ ነበረች፤ ሦስቱ ላፕቶፑ ላይ አጎንብሰው መስመሮቹን አንድ በአንድ ሲያጠፉ እሷ የሰው ሻንጣ እየተቀበለች ነው። ፋርማሲስቱ ጠቆመ፤ ቁልፉን የተጫነው አባትየው ራሱ ነው። «የድሮውን ለብቻው ላስቀምጥልህ?» ቢለው፣ «ቆሻሻ ምን ይሠራልኛል» አለ። ምትኬ የሚይዘው ሣጥን ዋናውን ተከትሎ የሚሄድ ነው፤ ዋናው ሲጠራ እሱም ጠራ። መጀመሪያ የተቀዳበት ዲስክ ደግሞ ከልጅቱ አልጋ ጋር ከተጣለ ቆይቷል።

በማግስቱ ከሰዓት ልብ-በሉ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች። አንደኛው ስንኝ አለፈ። ሁለተኛው መጣ፤ የራሷ ድምፅ ብቻ። መለሰችው። ድምፁን ጨመረችው። ኬብሉ የላላ መሰላትና ተንበርክካ አጠበቀች። ፍሪጁን ነቀለች። ባሏ ከሥራ ሲገባ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ወለሉ ላይ አገኛት።

«ሰማሽው?» አላት ደስ ብሎት። «አጠራሁት እኮ። ከኋላ ያለው ዝምታ አሁን ውኃ ሆኗል።»

«ምኑን ነው ያጠራኸው?»

«ሁለተኛው ስንኝ ላይ ፉጨት ነበረ። በሥዕል አየነው።»

«በጆሮህስ ሰምተኸው ታውቃለህ?»

«እንዴት አልሰማውም።»

«እንዴት ነበረ ድምፁ?»

ወደ ስፒከሮቹ ዞረ።

«ንገረኝ እንጂ። እንዴት ነበረ?»

«ፉጨት ነዋ» አለ። «ያው ፉጨት ነው።»

«ልጅህ ናት» አለችው በዚያ በሻከረ ድምጿ። «ጀርባዬ ላይ ነበረች። አፍንጫዋ ነው። እኔ ቁጭ ብዬ ስሰማት ኖሬያለሁ። አንተ አንድም ቀን አልሰማሃትም፤ ልትሰማትም አትችልም፣ ደንቁረሃል። ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀውን ነው የምነግርህ። በጆሮህ ያልሰማሃትን ልጅ በዓይንህ ፈልገህ በጣትህ አጠፋሃት።»

ጥርስ ሠሪው የስፖንጁን ግድግዳ ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። «ለምን አልነገርሽኝም?» አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ትክክለኛ በመሆኑ ከበፊቱ ይበልጥ ጠላችው።

እህል ሳይቀምስ ሰነበተና ወደ አስመጪው ሄደ። አስመጪው ሰምቶ አዘነ፤ ከልቡም ያዘነ ይመስለኛል። ካዘነ በኋላ ግን ሥራው ትዝ አለው። «ድምፅ ጨርሶ አይጠፋም» አለው። «ዱካ ይቀራል። ያን ዱካ የሚያወጣ ዕቃ ነው የሚያስፈልግህ።» ጥርስ ሠሪው የወርክሾፑን ድርሻ ለሸሪኩ ሸጦ የዳኩን ታላቅ ወንድም ይዞ ገባ። በገዛ ወርክሾፑ ተቀጣሪ ሆነ። ሣጥኑ ተሟሽቶ ሲያልቅ ሚስቱን ክንዷን ይዞ ወንበሩ ላይ አስቀመጣት፤ እሱ ከእግሯ ሥር ተንበረከከ።

«የምትሰሚያት አንቺ ነሽ» አላት። «አለች?»

ልብ-በሉ ሰማች። ምንም የለም። የለችም ልትለው አፏን ከፍታ ቁልቁል አየችው። ፊቱን ቀና አድርጎ፣ ሁለት እጁን ጉልበቷ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ክፋቱ የገባባት እዚያ ላይ ነው።

«አለች» አለችው። «ግን ሩቅ ናት። በጣም ሩቅ።»

ከዚያ ወዲያ ያለው ኑሮ ኑሮ አይባልም። መኪናው ተሸጠ። የሳሎኑ ዕቃ ተሸጠ። ጥርስ ሠሪው በቀን ለሸሪኩ፣ ከሥራ በኋላ ለሌላ ወርክሾፕ መሞረድ ያዘ፤ የቀረችውን ጆሮ እየሞረደ ለጆሮው ዕቃ ይገዛል። አዲስ ሣጥን በገባ ቁጥር ሚስቱን ያስቀምጣታል፣ ይንበረከካል፣ ይጠይቃታል። «ቀርባለች፤ ግን ገና ናት» ትለዋለች። አንዳንዴ ፊቱ ላይ ተስፋ ሲበዛ ካየች ደግሞ፣ «ከባለፈው ራቀችብኝ» ትለዋለች። ያኔ ሣጥኑን ይዞ በኪሳራ ሊቀይር ይሮጣል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ እሱ መጫኛውን ራሱ እየገዛ ያቀርብ ነበር። ልብ-በሉም ደስ ይላት ነበር። ሥራ ቦታ ሻንጣ እየደረደረች ትዝ ሲላት ብቻዋን ፈገግ ትላለች፤ ተሸካሚዎቹ «ልብ በሉ ዛሬ ምን አግኝታ ነው?» ይባባላሉ።

አንድ ቀን የባሏ ሸሪክ ዕቃ ማስቀመጫው መስኮት ላይ መጣ።

«እህቴ፣ ሰውዬሽን ምከሪው» አላት። «እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ትናንት የአንዲት ሴትዮ ጥርስ አበላሸ። ስናገረው አይሰማኝም፤ አፌን እያየ ነው የሚመልስልኝ። ምን ሆኖ ነው?»

«ሙዚቃ ይወዳል» አለችው፤ ከኋላው የቆመውን መንገደኛ ሻንጣ ተቀብላ ቁጥር ሰጠች።

ሸሪኩ ቢቸግረው አሰናበተው። ጥርስ ሠሪው በመሰናበቻ ገንዘቡ የመጨረሻውን ሣጥን ገዛ፤ መጨረሻ መሆኑን ያወቁት ሌላ የሚሸጥ ነገር ስላልቀረ ነው። ወዳጆቹ መምጣት ካቆሙ ቆይተዋል። ፋርማሲስቱ ዓይኗን ማየት አፍሯል፤ አስመጪው ዕቃውን በሰው ይልካል። ሣጥኑ የሚሟሸውን ያህል ተሟሸና አንድ ከሰዓት በኋላ ጥርስ ሠሪው፣ «ዛሬ እስቲ መጀመሪያ እኔ ልቀመጥ» አላት። ፊቱ ከስቶ ጥርስ ብቻ ሆኗል። ልብ-በሉ በሩን ተደግፋ ቆመች፤ ምን እንደምትለው አዘጋጅታለች።

ሁለተኛው ስንኝ ጀመረ። ጥርስ ሠሪው እጁን አነሣ።

«መጣች» አለ።

ሣቋ ሊያመልጣት ነበር።

«አፍንጫዋ ነው» አለ ዓይኑን ጨፍኖ። «ገባ፣ ወጣ ይላል። ያን ሰሞን ጉንፋን ይዟት አልነበር? ከአፍንጫዋ ሥር ቅባት ትቀቢያት ነበር፤ እሱን እየላሰች ታስቸግርሽ ነበር። ይኸው፣ ዋጥ አደረገች።» እንባው አገጩ ላይ ወረደ። የልጁን ስም ጠራ። ከቀብሯ ወዲህ መጀመሪያው ነው።

ስለ ቅባቱ ነግራው አታውቅም። ልጅቱ እየላሰች ማስቸገሯን ራሷም ረስታው ነበር። ዓመታት ሙሉ ይህን ይዞ ዝም እንዳለ አሁን ነው የገባት፤ ሲገባት ደነገጠች።

«የለችም» አለችው። «ስዋሽህ ነው የኖርኩት። ካጠፋሃት ቀን ጀምሮ አንዴም አልሰማኋትም። ባዶ ነው።»

እንዳልሰማት መሰላትና ፊት ለፊቱ ሄዳ ደገመችለት። አፏን እያየ ተከታተላት። አልተቆጣም። የተቆጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

«አንቺ ለብቻሽ ስንት ዓመት ሰማሻት» አላት። «አሁን ለኔ መጣች። ምናለ ብትተይልኝ?»

«የለችም እልሃለሁ።»

«አለች» አለና ስንኙን ከመጀመሪያው መለሰው።

ልብ-በሉ ሄዳ ጭንቅላቷን ከጭንቅላቱ አጠገብ አደረገች። ምንም የለም። ስፒከሩ ላይ ጆሮዋን ለጠፈች። ምንም። ያ ከሩቅ ፍሬን የሚለይ ጆሮ የሰማው የገዛ ራሷን የድሮ ድምፅ ብቻ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ከኋላው ማንም የሌለበት። ደንቆሮው ደግሞ ልጁን ይዞ ተቀምጧል። ፊቱን አየችው። እንዲያ ያለ ፊት አስመስሎ ማምጣት አይቻልም። ልትነጥቀው ፈልጋ ነበር፤ ከምኑ ላይ እንደምትነጥቀው ጠፋት።

ስንኙ ተመለሰ፣ እንደገና ተመለሰ። ምንጣፉ ላይ፣ ከወንበሩ ሥር ተቀመጠች።

«አሁን ምን እያደረገች ነው?» አለችው በመጨረሻ። የሚያየው አፏን ነውና ቀና ብላ ነው የጠየቀችው።

«ጣቷን አፏ ውስጥ ከታለች።»

«ከዚያስ?»

«በሌላው እጇ ፀጉርሽን ይዛለች። ከኋላ በኩል።»

ልብ-በሉ እጇን ወደ ማጅራቷ ሰደደች። እዚያም ምንም የለም።

«አሁንስ?»

ስንኙ እያለቀ ነበር። ጥርስ ሠሪው ትንሽ አዳመጠ።

«አሁን ተኛች» አላት፤ እጁን ዘርግቶም ሣጥኑን አጠፋው።